የካ አባዶ፣ ቅዳሜ ከሰዓት፦ ስለ ጽንፈኞች አመጣጥ ለመማር የከፈልኩት 1,800 ብር

ከአያት የባቡር መጨረሻ ወርዶ በጣፎ በኩል ወደ የካ አባዶ የሚሄደውን ሚኒባስ የያዘ ሰው፣ ከኮንዶሚኒየሞቹ በአንዱ ሥር፣ በሕንጻ መሣሪያ መደብርና በአንድ ግሮሰሪ መካከል የተጣበቀች የመጻሕፍት ማከራያ ቤት ያገኛል። ቤቲቱ በአዘቦት ቀን አሮጌ መጻሕፍት ታከራያለች፤ ሻይና ቡናም ትሸጣለች። ቅዳሜ ከሰዓት ግን መደርደሪያዎቹ ወደ ግድግዳ ተገፍተው አሥራ ስምንት ወንበሮች ይደረደሩና ስድስት ሳምንት የሚዘልቅ ትምህርት ይሰጥባታል። እኔ የተከታተልኩት ዙር ርእሱ «የእርስ በርስ ጦርነት፣ አምባገነናዊ አገዛዝና የጽንፈኛ ታጣቂዎች መነሣት» የሚል ነበር። ክፍያው 1,800 ብር ሲሆን የስድስቱን ቀን ሻይና ፎቶ ኮፒ ይጨምራል።

ገንዘቡን ለምን እንደከፈልኩ አስቀድሜ ብናገር አንባቢ ፍርዴን ለመመዘን ይረዳዋል። በአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የሥነ ዜጋ መምህር ነኝ። ስለ አክራሪነት ስጠየቅ ለብዙ ዓመታት የምመልሰው መልስ አንድ ነበር፤ ድህነትና ድንቁርና ሲገናኙ አክራሪነት ይወለዳል የሚል። ባለፈው ዓመት አንዲት የአሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪ እጇን አውጥታ «መምህር፣ ታዲያ እኛ ድሆች አይደለንም እንዴ? እኛ ለምን አልሆንም?» ስትለኝ ክፍሉ ሳቀ፤ እኔም አብሬ ሳቅሁ፤ መልስ ግን አልነበረኝም። ወደ አባዶ የወሰደኝ ያ ጥያቄ ነው።

ስለ ቦታው ብዙ አልልም። ክፍሉ ንጹሕ ነው፤ ሻዩ ቅርንፉድ አይጎድለውም። ትምህርቱ ዘጠኝ ሰዓት ይጀምራል ይባል እንጂ ከዘጠኝ ተኩል በፊት የተጀመረበትን ቀን አላስታውስም። ፎቶ ኮፒው ደብዛዛ ከመሆኑ የተነሣ ካርታዎቹ ላይ የኤፍራጥስ ወንዝና የድንበሩ መስመር አይለዩም፤ በሁለተኛው ሳምንት የታደለን ወረቀትማ በሶርያዋ ከተማ በሐማ የተፈጸመውን ጭፍጨፋ በሁለት ዓመት አሳስቶ ነበር የጻፈው። አንድ ተሳታፊ ሲያርመው መምህሩ ይቅርታ ጠይቆ እየዞረ በየወረቀታችን ላይ በእስክሪብቶ አስተካከለ። ትሕትናው ደስ ይላል፤ ሆኖም ገንዘብ ተቀብሎ ለሚያስተምር ሰው ወረቀቱን ከማደሉ በፊት አንድ ጊዜ ማንበብ ከባድ ሥራ አይመስለኝም።

መምህሩ ቀደም ሲል በጋዜጠኝነት የሠራ፣ አረብኛ የሚያነብ፣ ድምፁን ከፍ ማድረግ የማይወድ ሰው ነው። ትምህርቱን በሃይማኖት አልጀመረም። በመጀመሪያው ቀን ሰሌዳው ላይ የጻፈው አንድ ጥያቄ ብቻ ነበር፤ «ሰውየው ጫካ ከመግባቱ በፊት ስንት በር አንኳኳ?» ስድስቱንም ሳምንት ወደዚህ ጥያቄ ስንመላለስ ነው የከረምነው፤ በእኔ ግምት ትምህርቱ ዋጋውን ያገኘውም ከዚያ ነው። ስለ ጽንፈኞች የምንሰማው አብዛኛው ነገር ምን እንደሚያምኑ ነው። ማን የትኛውን በር እንደዘጋ፣ በሩ በተዘጋ ማግስት ደግሞ ዳኝነትና ደመወዝ ይሰጥ የነበረው ማን እንደሆነ የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው።

ለመንደርደሪያ የተመረጠችው አልጄሪያ ነበረች። ስለ ውጭ አገር የማነሣቸውን ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ልጽፍና፣ በዲሴምበር 1991 በተደረገው የምክር ቤት ምርጫ የመጀመሪያ ዙር እስላማዊ የመዳን ግንባር የተባለው ፓርቲ በሰፊ ልዩነት ቀደመ። በጃንዋሪ 1992 ጦሩ ፕሬዚዳንት ሻድሊ ቤንጀዲድን ከሥልጣን አስለቅቆ ሁለተኛውን ዙር ሰረዘ፤ በማርች ፓርቲው ታገደ፤ በሺዎች የሚቆጠሩ ደጋፊዎቹም ሰሐራ በረሃ ውስጥ ወደተተከሉ ካምፖች ተጋዙ። መምህሩ እዚህ ላይ ያሳየን ነገር ቀላል ቢመስልም እኔ አስቤው የማላውቀው ነው። በዚያው ንቅናቄ ዙሪያ ቀድሞውንም «ምርጫ ማታለያ ነው» እያሉ የሚከራከሩ ነበሩ፤ ብዙኃኑ ግን ድምፁን ለመስጠት ተሰልፏል። ጦሩ ሳጥኑን ሲዘጋ ያንን ክርክር ለምርጫ ጠሎቹ ፈረደላቸው። ከዚያ በኋላ የገነነው ታጣቂው እስላማዊ ቡድን በ1997 የመንደር ሰው በጅምላ እስከማረድ ደረሰ፤ በጦርነቱ ከ100 ሺህ በላይ ሕዝብ አለቀ፤ ከቡድኑ የተገነጠለው ክፍልም በ2007 የአልቃይዳን ስም ወስዶ ወደ ደቡብ፣ እስከ ማሊ ድረስ ወረደ። በዚያው ዕለት ስለ ግብፅ እስር ቤቶች የተነገረው የአሥር ደቂቃ ጨዋታ ስለነበር አልፈዋለሁ።

ሁለተኛው ሳምንት ለብቻው የከፈልኩትን ብር ያወጣል ብል ማጋነን አይሆንብኝም። ርእሱ ሶርያ ነበር። ሶርያ ከ1963 እስከ ኤፕሪል 2011 ድረስ በአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ሥር የኖረች አገር ናት፤ ይህ ማለት የአዋጁ ዕድሜ ከብዙዎቹ ዜጎቿ ዕድሜ ይበልጥ ነበር ማለት ነው። ሐፌዝ አል አሳድ በ1982 ሐማ ላይ የተነሣበትን የሙስሊም ወንድማማቾች ዐመፅ ሲደመስስ የከተማይቱን ሰፈሮች በመድፍ አፍርሶ በብዙ ሺዎች የሚቆጠር ሰው ፈጅቷል። ልጁ ባሻር በ2000 ሲተካው የተረከበው ነጻ ፓርቲ የሌለበት፣ ነጻ ማኅበር የሌለበት፣ ሁለት ሰው ተገናኝቶ ስለ ፖለቲካ ሲያወራ ሦስተኛውን የሚፈራበት አገር ነበር። በ2011 መጀመሪያ ደርዓ ውስጥ በግድግዳ ላይ አገዛዙን የሚነካ ጽሑፍ የጻፉ ልጆች ታስረው ሲገረፉ ቤተሰቦቻቸው አደባባይ ወጡ፤ የተመለሰላቸው መልስ ጥይት ሆነ።

ክፍሉን ጸጥ ያሰኘው ቀጥሎ የመጣው ነው። በዚያው ዓመት አገዛዙ ጠበቆችን፣ ተማሪዎችንና የሰላማዊ ሰልፍ አስተባባሪዎችን እያሳደደ ሲያስር፣ ከሰይድናያ እስር ቤት እስላማዊ ታጣቂ በመሆን የተወነጀሉ ሰዎችን ፈታ። ከተፈቱት መካከል ዘህራን ዐሉሽና ሐሳን ዐቡድ ይገኙበታል፤ አንደኛው ጃይሽ አል ኢስላምን፣ ሁለተኛው አሕራር አል ሻምን መርተው ከጦርነቱ ትልልቅ ታጣቂ ድርጅቶች ሁለቱን አቆሙ። አሳድ ይህን ያደረገው ሆን ብሎ፣ ተቃውሞው ሁሉ የአሸባሪ መልክ እንዲይዝ ነው የሚሉ ብዙ ናቸው፤ በጊዜው የነበረውን ግፊት ለማርገብ የተሰጠ ምሕረት ነው የሚሉም አሉ። መምህሩ ወደ አንዱ ሳያዘነብል «ያሰበውን ትቼ የሆነውን ልንገራችሁ» ብሎ ነው የቀጠለው፤ ይህን ጥንቃቄውን ወድጄለታለሁ። የሆነውም ይህ ነው፤ እስር ቤት አብረው የቆዩት ሰዎች እርስ በርስ ይተዋወቃሉ፣ ይተማመናሉ፣ ግርፋትን አልፈው ስለመጡም ማን እንደሚናገርና ማን እንደማይናገር ያውቃሉ። ጠበቃውና ተማሪው ግን አርባ ስምንት ዓመት ማኅበር በተከለከለበት አገር ስላደጉ፣ ጦርነቱ ሲመጣ ጎረቤታቸውን እንኳ የሚያምኑበት ልምድ አልነበራቸውም። በዚህ መልክ አምባገነኑ በሰላሙ ጊዜ የማለዘብ አቅም ያላቸውን አስቀድሞ አጥፍቶ፣ በጦርነቱ ጊዜ ሜዳውን መደራጀት ለሚያውቁት ለጥቂቶቹ ለቀቀ። አቡ መሐመድ አል ጁላኒ የአልቃይዳ የሶርያ ክንፍ የሆነውን የኑስራ ግንባርን በጃንዋሪ 2012 ሲያውጅ፣ ራሱን እስላማዊ መንግሥት የሚለው አይሲስም በ2014 መጀመሪያ ረቃን ሙሉ በሙሉ ሲይዝ፣ የገቡት በዚህ ባዶ ቤት ነው።

አንዲት ወጣት ተሳታፊ ያነሣችው ጥያቄ ግን ሳይመለስ ቀረ። አሳድ በዲሴምበር 8 ቀን 2024 ወደ ሩሲያ ሲሸሽ ደማስቆ የገባው ያው ጁላኒ ነው፤ በጃንዋሪ 2025 ደግሞ በእውነተኛ ስሙ በአህመድ አል ሻራ የሽግግር ፕሬዚዳንት ተባለ፤ ከረባትም አሰረ። «ታዲያ አሁን ጽንፈኛ ነው ወይስ አይደለም?» አለችው። መምህሩ ረጅም መልስ ሰጠ፤ እኔ ከማስታወሻዬ ፈልጌ አንድም ጭብጥ አላገኘሁበትም።

ከዚያ ወደ ኢራቅ ሄድን። በሜይ 2003 የአሜሪካ የወረራ አስተዳደር የሳዳም ሁሴንን ጦር በአንድ ትእዛዝ በተነ፤ ከሳምንት በፊት በወጣ ሌላ ትእዛዝ ደግሞ የሳዳም ገዢ ፓርቲ የነበረውን የባዝ ፓርቲ ከፍተኛ አባላት ከመንግሥት ሥራ አገደ። ከ300 ሺህ በላይ ወታደር መሣሪያ አያያዝ እያወቀ፣ አንዳንዱም መሣሪያውን እንደያዘ፣ ያለ ደመወዝ ቤቱ ገባ። መምህሩ ይህን ሲናገር ከኋላ ተቀምጠው የነበሩ አንድ አዛውንት ጉሮሯቸውን ጠረጉ። የቀድሞው ጦር ሃምሳ አለቃ ናቸው።

«እኛም እኮ በ83 ተበትነናል» አሉ። «መንገድ ዳር ተኝተን የለመንን አለን። ግን ገበያ መካከል ቦምብ አላፈነዳንም።»

መምህሩ ጠመኔውን አስቀምጦ ወደ እሳቸው ዞረ። «ጋሼ፣ ከዚያ ወዴት ሄዱ?»

«ወዴት እሄዳለሁ? አገሬ ሰላሌ ነው። ገበሬ ማኅበሩ መሬት ሰጠኝና አረስኩ።»

«እንግዲህ እሱ ነው፤» አለ መምህሩ፤ «ለእርስዎ አንድ በር ቀርቶልዎት ነበር።»

ሃምሳ አለቃ ራሳቸውን ነቀነቁ፤ መስማማታቸው ይሁን መታዘባቸው አልለየሁም። እኔ ግን ለተማሪዬ የማደርሰውን መልስ ግማሹን ያገኘሁት እዚያ ነው። በእኛ አገር ያ ሁሉ በመቶ ሺዎች የሚቆጠር ሠራዊት ሲበተን መልሶ የሚያቋቁም ኮሚሽን ተቋቁሞ፣ ከገጠር የመጣው ብዙው ወታደር ወደ ቀዬው ተመልሷል፤ የተቸገረው ብዙ ነው፤ ነገር ግን ችግሩን ተቀብሎ ወደ ጫካ የሚመራው የተደራጀ ኃይል አልጠበቀውም። በኢራቅ የውጭ ጦር በየመንገዱ ነበር፤ ለሥራ የሚያመለክተው መኮንን በፓርቲ አባልነቱ ይመለስ ነበር፤ ከየአገሩ የመጡ ታጣቂዎችም ገንዘብ ይዘው ይጠብቁት ነበር። ከዚህ ሁሉ በላይ ካምፕ ቡካ ነበረ። አሜሪካኖቹ ተጠርጣሪዎችን ባጎሩበት በዚህ ደቡባዊ እስር ቤት ሰባኪውና የሳዳም መኮንን አንድ ግቢ ውስጥ ዋሉ፤ በ2004 ከታሰሩት አንዱ ኋላ አቡበክር አል ባግዳዲ ተብሎ አይሲስን የመራው ሰው ነው። ሰባኪው ዓላማውን፣ መኮንኑ የስለላና የውጊያ ዕውቀቱን አዋጡ። በ2006 እና በ2007 የሱኒ ጎሳዎች አልቃይዳን ተዋግተው ሲያባርሩ የመንግሥት ሥራ ይሰጣችኋል ተብለው ነበር፤ የሺዓው ጠቅላይ ሚኒስትር የኑሪ አል ማሊኪ መንግሥት አብዛኞቹን አልቀጠረም፤ በ2013 የሱኒዎች ሰላማዊ የተቃውሞ ሰፈር ሐዊጃ ላይ በጦር ሲበተን በደርዘኖች የሚቆጠሩ ሰዎች ሞቱ። በጁን 2014 አይሲስ ሞሱል ሲገባ ከተማዋን ይጠብቅ የነበረው ጦር ሲሸሽ፣ «ሊመጣ ካለው ያለፈው ይከፋል» ብለው ዝም ያሉ ነዋሪዎች ጥቂት አልነበሩም። የመጣው ምን እንደሆነ ለማየት ብዙ ወራት አልፈጀባቸውም።

በአራተኛው ቅዳሜ መብራት ጠፋ፤ ፕሮጀክተሩም አብሮ ጸጥ አለ። መምህሩ ከጎረቤት ግሮሰሪ አንድ ኩባያ ሙሉ ቆርኪ አስመጥቶ ጠረጴዛው ላይ በጠመኔ መንገድ አሠመረ። የለስላሳው ቆርኪ የመንግሥትና የጦር አበጋዞች ኬላ፣ የቢራው ቆርኪ የጽንፈኞቹ ኬላ እንዲሆን ተወሰነ። ፊት ለፊት የተቀመጡት ሐጂ «ኧረ ልጄ፣ ከቆርኪ ሁሉ ቢራውን ለእነሱ? በል ቢያንስ ገልብጠው» ሲሉ ሁላችንም ሳቅን፤ ቆርኪው ተገልብጦ ትምህርቱ ቀጠለ። እንደኔ ከሆነ ፕሮጀክተሩ ለዘለዓለም ቢበላሽ አይቆጨኝም።

መንገዱ የካንዳሃር መንገድ ነበር። የሶቪየት ጦር በ1989 ከወጣና በ1992 ሶቪየት ይደግፈው የነበረው የናጂቡላህ መንግሥት ከወደቀ በኋላ ሶቪየትን የተዋጉት የሙጃሂዲን አዛዦች አፍጋኒስታንን ተከፋፍለው እርስ በርስ ሲዋጉ፣ እያንዳንዱ አዛዥ በየመንገዱ ሰንሰለት ዘርግቶ ያስከፍል ነበር። መምህሩ አንዲት የክብሪት ቀፎ የጭነት መኪና አድርጎ በየቆርኪው እያስቆመ «ክፈል» ሲል፣ መኪናዋ ከጠረጴዛው ጫፍ ሳትደርስ ጭነቷ ሁሉ ተበላ። በ1994 ታሊባን ብቅ ሲል መጀመሪያ የሠራው ሥራ እነዚህን ሰንሰለቶች መቁረጥ ነበር፤ ነጋዴና ሹፌር ገንዘብ ያዋጣለት ሃይማኖታዊ ብያኔውን አጥንቶ ሳይሆን መኪናው እንዲያልፍለት ነው። በ1996 ካቡልን ሲይዝ ሴት ልጅን ከትምህርት ቤትና ከሥራ አስወጣ፤ መንገዱ የተከፈተለት ነጋዴም ያንን ሒሳብ በልጆቹ ከፈለ።

በዚህ ላይ ነው መምህሩ እስካሁን የማስበውን ምሳሌ ያመጣው። እቁብ የሚጥል ሰው ዕጣው ሲወጣለት ገንዘቡን ከመቀበሉ በፊት ዋስ ይጠራል፤ ምክንያቱም ዛሬ ወስዶ ነገ ቢጠፋ የሚያስይዘው የለም። በጦርነት ውስጥ ያለ ታጣቂ መሪም ለተራው ሰው እንደዚያው ነው፤ «ደግፉኝ፣ ካሸነፍኩ አልዘርፋችሁም» ይላል፤ ፍርድ ቤት በሌለበት፣ ጋዜጣ በሌለበት፣ በምርጫ ማውረድ በሌለበት አገር ይህን ቃሉን የሚያስጠብቀው ማን ነው? ለጽንፈኛው መሪ የሃይማኖቱ ጥብቅነት እንደ ዋስ ሆኖ ይቀርባል። ፈጣሪን እፈራለሁ የሚል፣ በየአደባባዩ ሌባ የሚቀጣ፣ ራሱም ምቾትን የናቀ የሚመስል ሰው፣ ከልከኛው ፖለቲከኛ ይልቅ የማይሸጥ መስሎ ይታያል። ስለዚህ ልባቸው ከእሱ ጋር ያልሆነ ሰዎች እንኳ ገንዘባቸውንና ልጆቻቸውን ይሰጡታል። የመንግሥት ተቋማት የቆሙበት አገር ይህን ዋስ አይፈልግም፤ ዋሱ ሕጉ ነው። አምባገነኑ ተቋማቱን ሲያፈርስ ያፈረሰው ሌላውን ዋስ ሁሉ ነው፤ የእርስ በርስ ጦርነቱ ደግሞ የቀረውን ይጨርሳል።

ሐጂ በሻይ ሰዓት «አክራሪ ሲባል ሁልጊዜ እኛን ነው የምታዩት» ብለው ቅር መሰኘታቸውን ተናገሩ፤ መምህሩም ከሻይ መልስ የዩጋንዳውን የጌታ የተቃውሞ ሠራዊት (ኤል.አር.ኤ.) አነሣ። ዮዌሪ ሙሴቬኒ በ1986 ካምፓላን ሲይዝ ከተሸነፈው ጦር ብዙው ከሰሜኑ የአቾሊ ሕዝብ ነበር፤ ከዚያ ሽንፈትና ከተከተለው በቀል ጆሴፍ ኮኒ ተነሣ፤ በዐሥርቱ ትእዛዛት እገዛለሁ እያለ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ሕፃናት አፍኖ ወሰደ። ለሐጂ ቅሬታ ይህ በቂ መልስ ነበር። ይሁን እንጂ በትምህርቱ ዕቅድ ውስጥ አስቀድሞ ሊገባ የሚገባው እንጂ ሰው ቅር ሲለው የሚመዘዝ አልነበረም።

ከሁሉ ያላረካኝ አምስተኛው ሳምንት፣ ሶማሊያ ነው። ጅማሬው ጥሩ ነበር። ሲያድ ባሬ ከ1969 ጀምሮ አንዱን ጎሳ ከአንዱ እያፋጀ ሲገዛ፣ በ1988 ሐርጌሳን በራሱ አውሮፕላኖች ሲያስደበድብ፣ በጃንዋሪ 1991 ሲሸሽም ከኋላው ጠብመንጃ እንጂ መንግሥት እንዳልተወ ተነገረን። የሸሪዓ ፍርድ ቤቶቹ በየሰፈሩ የተቋቋሙት ሌባ የሚይዝና ውል የሚያስፈጽም በጠፋበት ጊዜ፣ በአብዛኛው በነጋዴዎች ድጋፍ ነው። በጁን 2006 በአሜሪካ የሚደገፉትን የጦር አበጋዞች አሸንፈው ሞቃዲሾን ሲይዙ ለዓመታት የተዘጋውን ወደብና አውሮፕላን ማረፊያ ከፈቱ። በውስጣቸው ብዙ ዓይነት ሰው ነበር፤ የሰፈር ሼክ አለ፣ ነጋዴ አለ፣ አፍጋኒስታን ተዋግቶ የተመለሰ አለ፤ አልሸባብ የወጣቶቹ ክንድ ነበር።

ከዲሴምበር 2006 እስከ ጃንዋሪ 2009 ያለውን ግን መምህሩ በአምስት ደቂቃ ሮጠበት። የኢትዮጵያ ጦር በሽግግር መንግሥቱ ጥሪ ገባ፣ ፍርድ ቤቶቹ ተበተኑ፣ ጦሩ ወጣ፤ በቃ። ይህ የሶርያን ያህል ሰዓት ይገባው ነበር፤ ለእኛ ደግሞ ይልቁን ይገባን ነበር። የፍርድ ቤቶቹ ኅብረት መሪዎች በ2006 በኢትዮጵያ ላይ ጂሃድ አውጀው ስለነበር ስጋቱ ከሜዳ የተነሣ አልነበረም፤ ይህ መነገር አለበት። ጦርነቱ ለመደራደር የሚችሉትን መሪዎች ወደ ስደት ሰድዶ ሜዳውን ለአልሸባብ እንደተወለት፣ ቡድኑንም ወራሪን የሚከላከል የሚል ስም እንዳጎናጸፈው፣ በዚያ ስም በሺዎች እንደመለመለበትም እንዲሁ መነገር አለበት። ከኅብረቱ መሪዎች አንዱ የነበሩት ሸሪፍ ሼክ አህመድ በጃንዋሪ 2009 ፕሬዚዳንት ሆነው ሲመረጡ የሚጠብቃቸው የራሳቸው የቀድሞ ወጣቶች ጥይት ነበር። ስለ ተዘጉ በሮች የሚያስተምር ሰው ወደ ራሳችን ደጃፍ ሲደርስ እርምጃውን ማፍጠኑን ታዝቤአለሁ። ጥንቃቄው ከምን እንደመጣ ይገባኛል፤ ስለ ራሳችን አገር የቅርብ ጊዜ ጦርነቶችም ከሻይ ሰዓት ሹክሹክታ በቀር አንድ ቃል አልተነሣም።

የዚያን ዕለት ከትምህርቱ ይዤ የወጣሁት የደረሰኙን ነገር ነው። አልሸባብ በሚቆጣጠረው መንገድ የጭነት መኪና አንድ ጊዜ ቀረጥ ከፍሎ ደረሰኝ ይቀበላል፤ በቡድኑ ሌላ ኬላ ያንን ደረሰኝ ካሳየ ድጋሚ አይከፍልም። በሌላው ወገን ባሉት ኬላዎች ግን የሚከፈለው በየኬላው ነው፤ ደረሰኝም የለም። በመንግሥት ይዞታ ሥር ባለችው ሞቃዲሾ የሚኖር ሰው የመሬት ክርክሩን ለመጨረስ ከከተማ ወጥቶ ወደ አልሸባብ ፍርድ ቤት የሚሄድበት ጊዜ እንዳለም ሰማን። በኦክቶበር 2017 ሞቃዲሾ ላይ በጭነት መኪና ቦምብ ከ500 በላይ ሰው የተገደለው በዚሁ ቡድን እጅ ነው ተብሎ ይታመናል፤ ደረሰኝ ሰጪውና ቦምብ ጫኙ ለአንድ ድርጅት ያድራሉ ማለት ነው። ሐጂ የለስላሳ ቆርኪ ከኪሳቸው አውጥተው ጠረጴዛው ላይ እያሽከረከሩ ዝም አሉ።

በመጨረሻው ሳምንት የተባበሩት መንግሥታት የልማት ፕሮግራም በ2017 ያወጣው ጥናት ቀረበልን። በአፍሪካ በፈቃዳቸው ጽንፈኛ ቡድን የተቀላቀሉ 495 ሰዎች ተጠይቀው፣ 71 በመቶዎቹ የመጨረሻውን እርምጃ ያስወሰዳቸው የመንግሥት ድርጊት እንደሆነ ተናግረዋል፤ የቤተሰብ ወይም የጓደኛ መገደል ወይም መታሰር። የናይጄሪያው የቦኮ ሐራም መሥራች ሞሐመድ ዩሱፍ በጁላይ 2009 ማይዱጉሪ ውስጥ በፖሊስ እጅ እንዳለ ከተገደለ በኋላ ቦኮ ሐራም ከቀድሞው እጅግ የከፋ ሆኖ መመለሱም አብሮ ተነሣ። ለተማሪዬ መልስ ቀሪው ግማሽ ይህ ነበር፤ ድህነት ብቻውን አያስታጥቅም፣ የድሃውን ወንድም ገድሎ አቤት የሚልበት ያሳጣው መንግሥት ግን ለመልማዩ ሥራውን ያቀልለታል።

እኔም አንድ ጥያቄ ነበረኝ። ቱኒዚያ አምባገነኗን ቤን አሊን በጃንዋሪ 2011 አባርራ ምርጫ ያካሄደች፣ የእርስ በርስ ጦርነት ያላየች አገር ናት፤ ከዚያው ዓመት በኋላ ግን በሺዎች የሚቆጠሩ ወጣቶቿ ወደ ሶርያ ሄደው ተዋጉ። በሩ ተከፍቶ ሳለ ለምን ሄዱ? መምህሩ የሃያ ሦስት ዓመቱ አገዛዝ መስጊዶቹን ሳይቀር በፖሊስ ይዞ ስለነበር፣ አገዛዙ ሲወድቅ ባዶውን የሞላው ከእስር የተፈታው ሰባኪ እንደሆነ፣ ነጻነቱም ሥራ ይዞ እንዳልመጣ አስረዳኝ። ከመልሱ ገሚሱን ተቀብያለሁ። የቀረው ግን እንደሚመስለኝ ትምህርቱ ራሱ የናቀው ነገር ነው፤ አስተሳሰብም የራሱ ኃይል አለው፤ በር ሳይዘጋበትም በእምነቱ ብቻ የሚነሣ ሰው አለ። በስድስት ሳምንት ውስጥ ለዚህ አንድ ሰዓት አለመመደቡ ጉድለት ነው።

ስለ ሊቢያ የተወራው በመጨረሻው ግማሽ ሰዓት ነበር። ጋዳፊ በአርባ ሁለት ዓመት ፓርቲም፣ ነጻ ዳኛም፣ ወጥ ሠራዊትም ስላላቆመ፣ በ2011 ሲገደል አገሩ ለየሚሊሺያው ተከፋፈለ፤ አይሲስም በ2015 ሲርትን ያዘ። መምህሩ ከዚህ በላይ አልሄደም፤ ሊሄድም አላስፈለገውም። የቤቱ ባለቤት ያደገችው ቂርቆስ ነው። በሚያዝያ 2007 ዓ.ም. ወንድሞቻችን በባሕር ዳርቻና በበረሃ ሲገደሉ የታየው ምስል ሲወጣ፣ ከሟቾቹ የሰፈሯ ልጆች ነበሩበት፤ አገር ሦስት ቀን ሐዘን ተቀመጠ። የሻይ ብርጭቆ እየሰበሰበች ሳለ ቆም ብላ «እነሱም እኮ በር ፍለጋ ነው የሄዱት» አለች። ሐጂ «ነፍሳቸውን ይማር» አሉ፤ ሃምሳ አለቃ ኮፍያቸውን አወለቁ።

ለማን ይሆናል ለሚለኝ፣ ለመምህራን፣ ለጋዜጠኞችና በፍርድ ቤት አካባቢ ለሚሠሩ ሰዎች ሳላመነታ እመክራለሁ፤ ስለ እስልምና አስተምህሮ ለመማር ለሚፈልግ ግን ቦታው አይደለም፤ ለዚያ የሚያውቁትን ይጠይቅ። የሚቀጥለው ዙር ከፋሲካ በኋላ ይጀመራል ተብሏል። ሶማሊያ ሁለት ሳምንት እንዲሰጣት በአስተያየት መስጫው ደብተር ላይ ጽፌአለሁ፤ ከእኔ በላይ ያሉት ሦስት ሰዎችም ይህንኑ ጽፈው አገኘሁ። ማታ ማታ አባዶ ስለሚበርድ ጃኬት መያዝ፣ ከአሥራ ሁለት ሰዓት በኋላ ወደ አያት የሚመለስ ሚኒባስ ስለሚቀንስም ቶሎ መውጣት ይበጃል። ቦታውን አስቀድሞ ማስያዝ ያስፈልጋል፤ ወንበሮቹ አሥራ ስምንት ብቻ ናቸው፣ ከእነሱም የሁለቱ እግር ይወዛወዛል።